ፈታ ማለትና ሥራ መፍታት

በአማርኛ "ፈታ" የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? እስረኛ ይፈታል። ጾም ይፈታል። እንቆቅልሽ ይፈታል። ቅዳሜ ከሰዓት ለጓደኛችን ደውለን "ና፣ ትንሽ ፈታ እንበል" እንላለን። ደስ የሚል ቃል ነው። ትዳር ተፈታ፣ ቤት ተፈታ፣ ሥራ ፈታ ሲባል ግን ያው ቃል ሆድ ያባባል።

ልዩነቱ የሚፈታው ነገር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ የተፈታው ያስጨነቀን ነገር ነበር። በኋላ የተፈታው አቅፎ የያዘን ነገር ነው። ስለ ሥራ መፍታት ስናወራ ግን ወይ ስለ ገንዘብ ነው፣ ወይ ስለ ጠባይ። "ምን ይበላል?" እንላለን፤ ወይም "ሰነፍ ስለሆነ ነው" እንላለን። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት በመሐል ስለሚቀረው ነገር ነው። ሥራ የፈታ ሰው ገላው፣ እንቅልፉና ቤቱ ምን ይሆናሉ?

ከመጀመራችን በፊት ግን ሦስት ቃላትን እንለይ። ሰነፍ የሚባለው ሥራ እያለው የማይሠራ ነው። ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው። ሥራ ፈት ደግሞ በየትኛውም ምክንያት ቀኑ ባዶ የሆነበት ሰው ነው። ጡረታ የወጣ አባት ሊሆን ይችላል። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሁለተኛ ዓመቱን ቤት የሚውል ልጅ ሊሆን ይችላል። ቤሩት ወይም ሪያድ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስትሠራ ኖራ፣ አገሯ ስትመለስ ምንም የሚጠብቃት ነገር ያጣች እህት ልትሆን ትችላለች። ቨርጂኒያ ልጆቻቸው ጋ ሄደው፣ መኪና ስለማይነዱ አፓርታማ ውስጥ በመስኮት ሲያዩ የሚውሉ እናትም አሉ። አራቱንም በአንድ ላይ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። የሚደርስባቸው ነገር ግን ይመሳሰላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት የምትውል እናት ሥራ ፈት አይደለችም። "ሚስትህ ምን ትሠራለች?" ሲባል "ቤት ነው ያለችው" የሚል መልስ በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል። እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ልጅ አድርሳና መልሳ የዋለች ሴት ደመወዝ የላትም እንጂ ሥራ አላት።

አባቴ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ወጣ። የመጀመሪያው ወር በዓል ይመስል ነበር። ዘመድ ጠየቀ፣ የግቢውን አጥር ጠገነ፣ ያልተነበቡ መጻሕፍቱን ደረደረ። ግን እንደ ልማዱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ይላጫል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ ሳሎን ይቀመጣል። በሦስተኛው ወር መላጨቱን ተወ። በስድስተኛው ወር እኩለ ቀን ላይ ስደርስ ፒጃማ ለብሶ አገኘሁት። የእጅ ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። እናቴ ደግሞ ስልክ ደውላ "ስለ ጨው ተጣላን" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ሲኖሩ ስለ ጨው ተጣልተው አያውቁም።

ያኔ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ካነበብኩት ሁሉ ያልለቀቀኝ የአንዲት ትንሽ ሰፈር ታሪክ ነው።

ከቪየና ከተማ ወጣ ብሎ ማሪየንታል የሚባል የፋብሪካ ሰፈር ነበር። ሰፈሩን በሙሉ ያኖረው የነበረው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 መካከል ፋብሪካው ተዘጋ። በሰፈሩ ከነበሩት 478 ቤተሰቦች ብዙዎቹ በትንሽ ድጎማ ብቻ የሚኖሩ ሆኑ። ማሪ ያሆዳ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ወደዚያ ሄደች። ምን እንዳዩ ልንገራችሁ።

ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የጠበቁት የሚመስለኝ ሁላችንም የምንጠብቀውን ነው። ሰው ጊዜ ካገኘ ያነባል፣ ማኅበር ይሳተፋል፣ ጓሮውን ያለማል። የሆነው ተቃራኒው ነው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የኪራይ ክፍያውን አንስቶ በነጻ ማዋስ ጀምሮ እንኳ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚዋሱት መጻሕፍት በግማሽ ያህል ቀነሱ። ጊዜ በበዛ ቁጥር የሚሠራበት አቅም አነሰ።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ መስኮት ሥር ተደብቀው መንገደኛውን ሰዓት ይዘው መለኩት። ወንዶቹ ዝግ ብለው ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። የሚደርሱበት ቦታ የላቸውም። ሴቶቹ ግን ፈጥነው ያልፋሉ። ሴቶቹም ከፋብሪካው የተባረሩ ነበሩ፤ ግን ቤት ውስጥ እሳትና ልጅ ይጠብቃቸዋል። ብዙ ወንዶች የእጅ ሰዓት ማሰር አቁመው ነበር። ቀናቸውን በየሰዓቱ እንዲጽፉ ሲጠየቁ ጠዋት መነሳታቸውን፣ ምሳ መብላታቸውንና መተኛታቸውን ጻፉ። በመሐል ያለውን አያስታውሱትም።

ይህን ሳነብ የአባቴ ሰዓት ትዝ አለችኝ። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ሰዓት የሚያስረው የሆነ ቦታ የሚጠብቀው ሲኖር ነው።

ገላ ሲፈታ

አሁን ወደ ሰውነታችን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳይወርዱ ተደረገ። ሰውነታቸው በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚሁ 5 ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ 50 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ተመረመሩ። ሠላሳ ዓመት ዕድሜ የቀነሰባቸው አቅም፣ ሦስት ሳምንት አልጋ ከቀነሰባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ደስ የሚለው ደግሞ ለ6 ወር ቀስ በቀስ ሲሠለጥኑ በዕድሜ ያጡትን አቅም መልሰው አገኙት።

ሥራ የፈታ ሰው ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አይውልም፤ እውነት ነው። ግን ሥራ ሳናስበው ስንት እንደሚያንቀሳቅሰን እንቁጠር። ታክሲ ወረፋ እንቆማለን። ደረጃ እንወጣለን። ፎቅ ላይ ፋይል እናደርሳለን። ምሳ ልንበላ እንወጣለን። ይህ ሁሉ ስፖርት አይባልም፤ ሲቀር ግን ሰውነት ያውቀዋል።

ምን ያህል እንደሚያውቀው ያሳየው ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች አጠና። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አውቶቡሱ አንድ ነው፣ መንገዱም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት የልብ በሽታ ሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ታየ። በፖስታ ቤት ሠራተኞች ላይም ተመሳሳይ ነገር አየ፤ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት ቢሮ ከሚቀመጡት ይሻሉ ነበር። እዚህ ላይ ሾፌሩ ሥራ ፈት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ገላው ብቻ ነው ሥራ የፈታው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ስምንት ሰዓት የምንቀመጥ ሰዎችም ይህን ክፍል ለሌላ ሰው ብቻ የተጻፈ አድርገን አንውሰደው።

ለምን እንደዚህ ይሆናል? በስኳር እንጀምር። እንጀራ ስንበላ ምግቡ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ከደም ውስጥ ብዙውን ስኳር የሚወስደው ጡንቻ ነው። ስኳሩ እንዲገባ በሩን የሚከፍተው ቁልፍ ኢንሱሊን ይባላል። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ግን ሌላ በርም አለው፤ ያለ ኢንሱሊን ጭምር ስኳር ይስባል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጡንቻ ይህ ሁለተኛው በሩ ይዘጋበታል። እየቆየ የመጀመሪያው በርም ቁልፉን መስማት እምቢ ይላል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ቆሽት ይበልጥ ኢንሱሊን ለማምረት ይደክማል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ መንገዱን የሚጀምረው እዚህ ነው። ምሳ ከበሉ በኋላ አሥር ደቂቃ በእግር መዞር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ሌላው ባታችን ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ይገፋል፤ ወደ ላይ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው የባት ጡንቻ ሲጨመቅ ነው። ለረጅም ሰዓት ስንቀመጥ ይህ ፓምፕ ይቆማል። እግር ያብጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ደም እግር ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ለሕይወት ያሰጋል። አጥንትም እንዲሁ ነው፤ ክብደት ካልተሸከመ ይሳሳል። አንጀት ይዘገያል። ወገብ ያማል።

የእኛው ሰዎች ላይ የሆነ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ከዚያም በ1991 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል ሄዱ። ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ጨመረ። ምግቡ መቀየሩ ትልቅ ድርሻ አለው። ግን ተራራ ወጥቶ የሚያርስ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ሕዝብ በአንድ ጊዜ መጠለያ ክፍል ውስጥ መቀመጡን መርሳት አይቻልም። ሽማግሌዎቹ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። አገር ቤት ነገር የሚፈርዱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ግን የመንግሥት ደብዳቤ የሚያነብላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 31 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች ይህን እንደማይሞሉ ድርጅቱ ገልጿል።

ሌሊትና ቀን ሲቀላቀሉ

ሥራ የፈታ ወጣት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይነሳል። ቤተሰቡ "እንቅልፋም" ይለዋል። ነገሩ ግን ከሌሊቱ ነው የጀመረው።

እንቅልፍን ሁለት ነገሮች ይጠሩታል። አንዱ ድካም ነው። ነቅተን በቆየን፣ በሠራን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ የእንቅልፍ ፍላጎት ይጠራቀማል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት በየቀኑ የሚሞላው የጠዋት ብርሃን ነው። ሥራ ያለው ሰው ሳያስበው ሁለቱንም ያገኛል። ጠዋት ይወጣል፣ ፀሐይ ፊቱን ትመታዋለች፣ ማታ ደክሞ ይገባል።

ቤት የሚውል ሰው ሁለቱንም ያጣል። መጋረጃው ተዘግቶ ያረፍዳል። ከምሳ በኋላ ጋደም ይላል፤ የተጠራቀመችውን ድካም ያባክናታል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ዓይኑ ፍጥጥ ይላል። ስልኩን ያነሳል። ቲክቶክ ላይ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይሄዳል። በነጋታው ደግሞ ያረፍዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤተሰቡ ከሚኖርበት ቀን ወጥቶ ሌላ ቀን ውስጥ ይገባል። ቁርስ ላይ የለም። ምሳ ላይ ገና ፊቱን አልታጠበም። አብረው እየኖሩ አይገናኙም።

የተዛባ እንቅልፍ ስሜትን ያወርዳል፤ የወረደ ስሜት ደግሞ እንቅልፍን ያዛባል። መሐል ላይ ሐሳብ አለ። አንጎል የሚሠራው ሲያጣ አያርፍም። ያለፈውን ያመነዥካል። "ያኔ እንዲህ ባልል ኖሮ"፣ "እኩዮቼ የት ደረሱ" ይላል። አባቶቻችን "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ያሉት በጣም ጥሩ አድርገው ስላዩት ነው። መነኩሴው አልተቀመጠም፤ እየሠራ ነው። ግን የሚቀደው የራሱን ቆብ ነው። እኔ ይህን ተረት የምሰማው እንደ ስድብ አይደለም። እጅ ሥራ ሲያጣ ወደ ገዛ ራሱ እንደሚዞር የሚናገር ምርመራ አድርጌ ነው።

ባዶውን ሰዓት የሚሞላ ነገር ሁልጊዜ ይገኛል። በየሰፈሩ የምናውቀው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በርጫ ይጀመራል። ጫት ለጥቂት ሰዓት ሰው ያደርጋል፤ ወሬ ይደምቃል፣ ዕቅድ ይወጣል፣ ሁሉም ነጋዴና ባለ ፋብሪካ ይሆናል። ከዚያ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ለማብረድ ጨብሲ ይመጣል። ጠዋት ድብርቱ ከበፊቱ ከብዶ ይጠብቃል፤ ከሰዓት ሀራራው ይጣራል። ለሥራ ፈት ሰው በርጫ የሚስበው ቅጠሉ ብቻ አይመስለኝም። ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ የሚጠብቁህ ጓደኞች አሉት። ቤቲንግ ቤትም እንዲሁ ነው። ጨዋታ ይጠናል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ማታ ውጤት ይጠበቃል። ሥራ የሚሰጠውን ነገር ሁሉ አስመስሎ ይሰጣል፤ ገንዘቡን ግን ወስዶ ነው። ልጆቻችንን "ተው" ስንል በቦታው ምን እንደምንሰጣቸው ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሆነው

ወደ ጨው ጸብ እንመለስ።

የማሪየንታል ሚስቶች ለተመራማሪዎቹ ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ በጣም ገርሞኛል። ባሎቻቸው ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠሩ እየዋሉ ምሳ ላይ ያረፍዳሉ። ፋብሪካ ሳሉ በሰዓቱ ይደርሱ ነበር። ጊዜው ሲበዛ ሰዓቱ ጠፋ። ሴቲቱ ያለችውን ትንሽ ነገር አብቃቅታ ሠርታ ትጠብቃለች፤ እሱ መንገድ ዳር ቆሟል። ጸብ ከዚህ ይነሳል።

በእኛ ቤትም ነገሩ ይህን ይመስላል። ባል ሥራ ላይ ሳለ ቤቱ የሚስት ነው። የትኛው ድስት የት እንደሚቀመጥ፣ አትክልት ከማን እንደሚገዛ፣ ሠራተኛዋ መቼ እንደምትወጣ እሷ ታውቃለች። ባል ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲቀመጥ ዓይኑ ሥራ ይፈልጋል። ሽንኩርቱ ለምን በዛ? መብራቱ ለምን በራ? ይህ ምላጭ እዚህ ምን ያደርጋል? እሱ የሚረዳ ይመስለዋል። እሷ ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ አለቃ የተሾመባት ይመስላታል። ሁለት ክፍል ባላት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም። ጃፓኖች ሥራ ጨርሶ ሚስቱን በየክፍሉ የሚከተል ባልን "እርጥብ ቅጠል" ይሉታል፤ ቢጠርጉት ከወለሉ አይላቀቅም ለማለት ነው። ሰውየውን ያሳዝነኛል። የሚከተላት ሌላ የሚሄድበት ስለጠፋው ነው።

ወጣቱ ላይ ሌላ መልክ አለው። 27 ዓመቱ ነው። የታክሲ ሲፈልግ እናቱን ይጠይቃል። እናት ከጉልት ወይም ከጡረታዋ ቀንሳ መቀነቷን ትፈታለች፤ አትናገረውም። አለመናገሯ ይከብደዋል። ታናሽ እህቱ ሥራ ይዛ የቤት ኪራይ ስትከፍል ደስ ይለዋል፣ ደግሞም አንገቱን ይደፋል። ሠርግና ለቅሶ መቅረት ይጀምራል። ምክንያቱ "አሁን ምን እየሠራህ ነው?" የምትለዋ ጥያቄ ናት። ይህችን ጥያቄ በቅን ልብ ነው የምንጠይቃት። የተጠየቀው ግን ለሳምንት ይዟት ይዞራል። ድሮ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ቢያንስ ከቤት ይወጣ ነበር፣ አጠገቡም እንደ እሱ የሚፈልግ ጓደኛ ነበረው። ዛሬ ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ብቻውን ተኝቶ ነው የሚያነበው።

ስለ ልጆች አንዲት ነገር ልናገር። የማሪየንታል ትንንሽ ልጆች ለገና ምን እንደሚመኙ እንዲጽፉ ተጠየቁ። የጻፉት ምኞት ዋጋው ሲሰላ በዙሪያው ባሉ መንደሮች ያሉ ልጆች ከተመኙት ሲሶ ያህሉ ብቻ ሆነ። ማንም "ትንሽ ተመኙ" አላላቸውም። የቤቱን ሁኔታ አይተው ምኞታቸውን ራሳቸው ቀንሰው ነው። ወላጅ "ልጁ ምንም አያውቅም" ሲል ይህን አስባለሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከዚህ ሁሉ የቱ ከሥራ መፍታት፣ የቱ ከገንዘብ ማጣት እንደመጣ ሁልጊዜ መለየት አይቻልም። ድህነት ራሱ ያሳምማል። ጡረታም ሁሉንም አያሳምምም። ከከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ከሚያንገላታ አለቃ የተገላገለ ሰው ጡረታ ሲወጣ ጤናው ሊሻሻል ይችላል። ከልጆቹ ጋር የተገናኘው ሥራ ሲፈታ የሆነ አባትም አውቃለሁ። እሱ የሚሄድበት ነገር ነበረው፤ ልጆቹን ማስጠናት።

መልሶ ማሰር

ማሪ ያሆዳ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስታስብ ኖራ፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገር ይሰጠናል አለች። ለቀናችን ቅርጽ ይሰጠዋል። ከቤተሰብ ውጪ ያለ ሰው ያገናኘናል። ከራሳችን የሚበልጥ የጋራ ግብ ያስይዘናል። በሰው ዘንድ ስምና ቦታ ይሰጠናል። ዝም ብለንም እንዳንቀመጥ ያስገድደናል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። "አባቴ ምን ሥራ ያግኝ?" ማለት ተውኩ። "ከአምስቱ የቱን ከየት ያግኝ?" ማለት ጀመርኩ። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ አለው።

ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። እንግሊዝ ውስጥ ከ70,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ ነበር። ሥራ ያልነበራቸው ሰዎች በሳምንት እስከ 8 ሰዓት የሚሆን የሚከፈልበት ሥራ ሲያገኙ የአእምሮ ጤናቸው በግልጽ ተሻሻለ። ከዚያ በላይ ሰዓት ቢጨመርም ለአእምሮ ጤና የጎላ ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። ስምንት ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሙሉ ሥራ እስኪገኝ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም የምለው ለዚህ ነው። ቅዳሜ አጎት ሱቅ መዋል፣ ሁለት ልጆች ማስጠናት፣ ትንሽ ቢከፈልም፣ ለኪሱ ከሚጨምረው ይልቅ ለራሱ የሚጨምረው ይበልጣል።

"በእግርህ ዙር፣ ስፖርት ሥራ" የሚለው ምክር እውነት ቢሆንም ብቻውን አይሠራም። ለአባቴ ስንት ጊዜ ነገርኩት መሰላችሁ። ሁለት ቀን ወጥቶ ተወው። የሚጠብቀው ሰው አልነበረማ። ሰውን ከቤት የሚያወጣው ቀጠሮ ነው። የእድር ገንዘብ ያዥ መሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ኮሚቴ፣ የኮንዶሚኒየም የውሃ ሞተር ኃላፊነት፣ ከጎረቤት ጋር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ መገናኘት፤ እነዚህ "ቀረህ እኮ" የሚል ሰው አላቸው። ቨርጂኒያ ላሉትም እናት እንዲሁ ነው። "እማዬ አንቺ ዕረፊ" ማለት ፍቅር ይመስላል። እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን እንጀራ ለመጋገር ስማቸው ተራ ውስጥ ቢገባ ግን ይበልጥ ያርፋሉ።

ከድብርት ጋር ለሚታገል ሰው የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ መንገድ አለ። እኛ "ደስ ሲለኝ እሠራለሁ" እንላለን። እነሱ ነገሩን ይገለብጡታል። መጀመሪያ ይሠራል፤ ደስታው እየዘገየ ይከተላል። ስለዚህ ሰውየው ፍላጎቱን ሳይጠብቅ ለነገ አንድ ትንሽ ነገር ሰዓት ይዞለት ይጽፋል። ፊት መታጠብ፣ ውጪ ወጥቶ ዳቦ መግዛት፣ ለአንድ ጓደኛ መደወል ይበቃል። ጠዋት ከተነሱ በኋላ ወዲያው ፀሐይ ላይ መውጣትን ቢጨምርበት የእንቅልፉ ሰዓት ራሱን ማስተካከል ይጀምራል።

ሥራ ከፈታ ሰው ጋር ለምትኖሩ ደግሞ፤ "ቦዘኔ" የሚለውን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። የሰደቡት ሰው ነቅቶ አይነሳም፤ በሩን ይዘጋል። እንደ ልጅም አትላኩት። "ሂድና ስኳር አምጣ" ትእዛዝ ነው። "የቤቱ አስቤዛ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው፣ ገንዘቡም አንተ ጋ ይሁን" ኃላፊነት ነው። የመጀመሪያው ያሳንሰዋል፤ ሁለተኛው ቦታ ይሰጠዋል። ሽንኩርት ሲያበላሽ ዝም በሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ይለምደዋል። ሚስትም የራሷ ሰዓትና ጥግ ያስፈልጋታል። እሱ ከወጣበት ሁለት ሰዓት እሷም ታርፋለች።

ሁሉም በቤት የሚፈታ አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ካላስደሰተው፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዘጋ፣ "እኔ ባልኖር ይሻላል" የሚል ቃል ከወጣው፣ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ነው። እንደ መጨረሻው ዓይነት ቃል ከሰማችሁ ብቻውን አትተዉት፣ ቀንም አትቁጠሩ፤ ያን ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። ጸሎቱም ጠበሉም አብሮ ይሂድ፤ ሐኪሙ ግን አይቅር።

አባቴ አሁን የእህቴን ልጅ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳታል። ሰባት ዓመቷ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ከዘገየ ትቆጣዋለች። ስለ ጨው ዛሬም አንዳንዴ ይነታረካሉ። ዝናብ ያደረ ቀን ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ከሁላችንም ቀድሞ ይነሳል። ጭቃው ላይ የእሷ እርምጃ አጭር ስለሆነ መንገዱ ይረዝማል፣ ቀደም ብለን መውጣት አለብን ይላል።